ልብ ትርታው ሲዛባ «መቼ ጀመራት?» የሚባለው ለምንድን ነው?

እኩለ ሌሊት ላይ አንዲት ሠልጣኝ «ልቤ ድው ድው አለብኝ፣ ትንፋሽም አጠረኝ» ብላ የክፍል ጓደኞቿን ቀሰቀሰች እንበል። አንዷ ውሃ ታመጣለች፤ ሌላዋ «መጋኛ ነው» ትላለች፤ ሦስተኛዋ «ቡና አበዛሽ» ብላ ትቆጣለች። ለሐኪሙ ከሁሉም ይልቅ የምትጠቅመው ግን ሰዓቷን አይታ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ በወረቀት የምታሰፍረዋ ናት። ምክንያቱን ለማስረዳት እንሞክር።

ያረፈ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ያህል፣ ልክ እንደ ሰዓት፣ እኩል እኩል ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የትርታ መዛባት ግን የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸው ቀርቶ ይርገበገባሉ። የእጅ ትርታውም አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ይባስ ብሎ፣ በላይኛው ክፍል የተኛው ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል።

ታዲያ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በቅርብ ቀናት የሚመጣውን አደጋ በምን ይገምታል? በአሜሪካ፣ ናሽቪል ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከ832 እንዲህ ያሉ ሕሙማን ሩብ ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ ችግር ገጥሟቸዋል። ዕድሜ መግፋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማጨስ፣ ቤታ ብሎከር የተባለውን መድኃኒት ሲወስዱ መቆየትና በሕክምና ላይ ሳሉ ትርታው አለመብረዱ የአደጋ ምልክት ሆነው ተገኝተዋል።

ደግ ነው፤ ግን ልኩ ለእኛ አይበቃም። እዚያ ታማሚው በአብዛኛው አዛውንት ነው። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ ወጣት ናት፦ በልጅነቷ ቶንሲል ሲይዛት «እንጥሏን አስቆርጡላት» ተብሎ ፔኒሲሊን ሳታገኝ የቀረች፣ በኋላም የሩማቲክ ትኩሳት የልቧን በር ያጠበበባት። (ፔኒሲሊኑ ጉሮሮዋን ባመማት በ9 ቀን ውስጥ ቢጀመር ኖሮ ትኩሳቱን መከላከል ይቻል ነበር፤ ለልምምድ ማስተማር የምትወጡ ልብ በሉ።) ስትሮክን ለመገመት በዓለም የተለመደው ነጥብ ለወጣትነቷ ብሎ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣታል፤ እውነተኛ አደጋዋ ግን ከፍተኛ ነው። ስለዚህ የልቧ በር በጉልህ የጠበበባት ሴት ነጥብ ሳይቆጠርላት ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይታዘዝላታል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የተዛባው ትርታ ከ48 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ልብን በኤሌክትሪክ ወይም በመድኃኒት ወደ ቦታው መመለስ የረጋውን ደም ሊያስነሣው ስለሚችል በቅድሚያ ደም ማቅጠን ያስፈልጋል። በሩ ከጠበበ ደግሞ 48 ሰዓት ባይሞላም አያስተማምንም። የደም ግፊቷ የወደቀ፣ ራሷን የሳተች፣ ሳንባዋ ውሃ የሞላ ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በኤሌክትሪክ መመለስ ነው።

ከበሌ ወይም ከጠበላ ወደ ሶዶ ሪፈር ሲባል አስታማሚው መንገድ ላይ ይቀያየራል፤ «ትናንት ነው»፣ «የለም፣ ከትናንት ወዲያ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ወረቀቱ ይህን ይቆርጣል። በላዩ የጀመረበት ሰዓት፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ወርሃዊ የፔኒሲሊን መርፌ ካላት ያለፋት እንደሆነ፣ ስትተኛ ትንፋሹ ይብስባት እንደሆነ ይጻፍ። ትርታዋም ይቆጠር፤ ግን ሙሉ አንድ ደቂቃ። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለተዛባ ልብ አይሆንም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።