«ላግ» የሚለው ስም የዋጋ ስሌት እያበላሸ ነው

የአክሲዮን ዋጋን «አር» በተሰኘው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚያሰሉ ባለሙያዎች ትርፍና ኪሳራን የሚያውቁት የዛሬውን ዋጋ ከትናንቱ ጋር በማነጻጸር ነው። የትናንቱን የሚያመጣላቸው ፋንክሽን «ላግ» ይባላል።

ነባሩ ላግ ጄነሪክ ነው፤ ሥራውን ራሱ አይሠራም። እንደ ደላላ የመጣለትን የዳታ ዓይነት አይቶ ለሚመለከተው ያስተላልፋል። በቀን የተደረደረ ዋጋ የሚይዘው «ኤክስቲኤስ» የተባለው ፓኬጅም ሥራ የሚያገኘው በዚሁ ደላላ በኩል ነው።

ችግሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው «ዲፕላየር» ጋር ነው። ይህ እጅግ ተወዳጅ ፓኬጅ ላግ የሚባል የራሱ ፋንክሽን አለው፤ ጄነሪክ ግን አይደለም። ሲከፈት ነባሩን ባይሰርዘውም ከፊቱ ይቆማል፤ ላግ ብሎ የሚጠራም ሰው ኤክስቲኤስ ዘንድ አይደርስም። ፕሮግራሙ ስለመሸፈኑ መልእክት ያወጣል፤ ግን ማን ያነበዋል!

የኤክስቲኤስ አዘጋጆች ጉዳዩን አክብደው በማየት በፓኬጃቸው ውስጥ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ አስገብተዋል። አንዱ መፍትሔ ፋንክሽኑን ከነባለቤቱ፣ «የስታትስ ላግ» ብሎ መጥራት ነው፤ ችኩል ሰው ግን ይረሳዋል። የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አር 3.6.0 በፈቀደው ደንብ መሠረት ዲፕላየር ላጉን ይዞ እንዳይገባ አስቀድሞ መከልከል ነው።