በመካነ ሰላም የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ስለሚያስፈልጉ ዕቃዎች አመራረጥ

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከሚማሩት ጓደኞቻችን መካከል ለጨዋታ የሚሆን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር በገዛ እጃቸው ለመገጣጠም የሚያስቡ ጥቂቶች አይደሉም። ብዙዎቹም አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በእኛ አስተያየት በወሎ ቦረናና በአካባቢው ደጋ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ከሶኬቱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ዕቃ፣ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ነው። ምክንያቱን እንደሚከተለው ለመግለጽ እንሞክራለን።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በጣደ ጊዜ አምፖሉ ሲደበዝዝ ያላየ የለም። ኮምፒዩተሩ ግን የሚፈልገውን ዋት አይቀንስም። 250 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በ220 ቮልት 1.14 አምፔር ያህል ይስባል፤ ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ 1.47 አምፔር ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ጭማሪው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ርካሹ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን አይሞትም፣ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ በጎኑ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል የተጻፈበትን መምረጥ ይገባል። በጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው የቀድሞ ሥሪት ነው፤ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በአገራችን ሶኬት ቢሰኩት ወዲያው ይበላሻል። ደግሞም በትልቁ የተለጠፈውን ቁጥር ከማመን በፊት በ12 ቮልቱ መሥመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ማንበብ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም ኃይላቸውን የሚያገኙት በዋናነት ከዚያ ነውና። «500 ዋት» ተብሎ 25 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ 25 በ12 ሲባዛ 300 ዋት ነው።

ዩፒኤስንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ በአነስተኞቹ ዩፒኤሶች ብዙ ጊዜ በ0.6 ገደማ ስለሚባዛ 390 ዋት ያህል ይሆናል። ይህም መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ጨዋታውን ለመጨረስ አይበቃም።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። 1920 በ1080 ለሆነ ሞኒተር አርቲኤክስ 4060 ወይም ራዲዮን አርኤክስ 6600 ይበቃል፤ የመጀመሪያው 115፣ ሁለተኛው 132 ዋት ይወስዳል፣ ሁለቱም 8 ጊጋባይት አላቸው። 320 ዋት የሚወስደውን አርቲኤክስ 3080 ያገለገለ አግኝተው የሚጎመጁ አሉ፤ ከላይ ካልነው ዩፒኤስ ጋር ግን አይስማማም። ለፕሮሰሰር ባለ ስድስት ኮሩ ራይዘን 5 5600 (65 ዋት) ደኅና ነው። የካርድ ገንዘብ ዘንድሮ የማይገኝ ከሆነ 5600ጂ የተባለው የራሱ ግራፊክስ አለው፤ ነገር ግን ካሹ ከ32 ወደ 16 ሜጋባይት የወረደ ነው፣ ወደ ካርዱ የሚወስደውም መንገድ የቀድሞው ፒሲአይ 3 ስለሆነ ኋላ ካርድ ሲጨመርበት ጥቂት ይጎድላል። ይህን የመረጠ ሰው ራሙን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጎ ይግዛ፤ ግራፊክሱ የሚሠራው በራሙ ፍጥነት ነው።

ስለ ማከማቻ ጥቂት እንበል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ የሚታወስ ነው። ጂቲኤ 5 ብቻ በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ሲወጣ 65 ጊጋባይት ነበር። እንግዲህ ያወረዱትን እየሰረዙ እንደገና ማውረድ አዋጭ አይደለም፤ ኤስኤስዲው ከ1 ቴራባይት ባያንስ መልካም ነው።

ማቀዝቀዣን በሚመለከት ደጋው ራሱ ረድቶናል። ከ2,400 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ነገር ግን 75 ዲግሪ የደረሰ ፕሮሰሰር 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የ57 ዲግሪ ልዩነት አለው፤ 35 ዲግሪ በሆነ ቆላ ግን 40 ብቻ። ሂሳቡ ለእኛ ያደላል፤ በውኃ ለሚቀዘቅዘው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በበጋ አቧራው ስለሚበዛ ኬዙ የሚታጠብ ወንፊት ቢኖረው ይሻላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስገድደው የተቃጠለውን መተካት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋም ተከተለው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ አስገጣጥሞ የሚያመጣም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በአቅስታ በኩል ከመውጣቱ በፊት ግራፊክስ ካርዱንና ከባዱን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ነቅሎ በየካርቶናቸው ያድርግ፤ በመንገዱ መንገጫገጭ የካርዱ ክብደት የማዘርቦርዱን ማስገቢያ ሊሰብረው ይችላልና። ኬዙ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቢጫን ግድ የለም፣ ካርዱ ግን ጭን ላይ ይሁን።