ብሉግራስ ጊታር

ብሉግራስ ጊታር በብሉግራስ ሙዚቃ ውስጥ የሚያገለግል፣ የብረት ክሮች ያሉት አኩስቲክ ጊታር ነው። ብሉግራስ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የተወለደ የሙዚቃ ዘርፍ ሲሆን ዋና መሣሪያዎቹ ባንጆ፣ ፊድል ተብሎ የሚጠራው ቫዮሊን፣ ማንዶሊን፣ ጊታርና ደብል ቤዝ ናቸው። አማተሮችም ሆኑ ባለሙያዎች «ጃም» በሚባለው ስብስብ ክብ ሠርተው ያለ ድምፅ ማጉያ ይጫወታሉ። በዚህ ክብ ውስጥ በቀላሉ የሚዋጠው የጊታር ድምፅ ነው። ስለዚህ ለብሉግራስ ጊታር ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ከሌሎቹ መሣሪያዎች መካከል ይሰማል ወይ የሚለው ነው።

ታሪክ

የዘርፉ ስም የመጣው የኬንታኪው ተወላጅ ቢል ሞንሮ ካቋቋመው «ብሉ ግራስ ቦይስ» ከተባለው ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጊታር ተጫዋቹ ሌስተር ፍላትና ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ ባንዱን ተቀላቀሉ። በዚያ ዘመን የጊታር ሥራ በአብዛኛው ምት መጠበቅና ዘፋኙን ማጀብ ነበር። በ1960ዎቹ እንደ ዶክ ዋትሰንና ክላረንስ ዋይት ያሉ ተጫዋቾች የፊድል ዜማዎችን በጊታር በፍጥነት መጫወት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጊታሩ በአጃቢነት ብቻ ሳይሆን በነጠላ ክር ዜማም መሰማት ነበረበት።

በዘርፉ በጣም የተለመደው ቅርፅ «ድሬድኖት» ይባላል። ስሙ በ1906 ከተመረቀው ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተወሰደ ነው። ማርቲን የተባለው ኩባንያ ይህን ቅርፅ በመጀመሪያ በ1916 ለሌላ ድርጅት ሠራ፤ በ1931 ደግሞ በራሱ ስም ማምረት ጀመረ። ዲ-18 እና ዲ-28 የተባሉት ሞዴሎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ለሌሎች አምራቾች መለኪያ ሆነው ያገለግላሉ።

ድምፁ ለምን ይዋጣል?

የጊታር ክር ብቻውን ብዙ አየር አያንቀሳቅስም። ንዝረቱ በድልድዩ በኩል ወደ ፊተኛው ጣውላ ይተላለፋል፤ አየሩን የሚገፋው ይህ ሰፊና ቀጭን ጣውላ ነው። ባንጆ በጣውላ ፈንታ እንደ ከበሮ የተወጠረ ሽፋን ስላለው ድምፁ ፈጣንና ስል ነው።

ትልቅ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ያጠነክራል። ይሁን እንጂ የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። በዚህ ምክንያት ለብቻው ሲመታ ክፍሉን የሚሞላ ጊታር በቡድን ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ወፍራም ድምፁ ከደብል ቤዙ ጋር ይቀላቀላል፤ ቀጭኑን ደግሞ ባንጆና ፊድል ይሸፍኑታል። ለጃም ከሳጥኑ ትልቅነት በተጨማሪ የድምፁ ጥራት ወሳኝ ነው።

ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮች

ፊተኛው ጣውላ፦ ስፕሩስ ከሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ፣ ከወጥ እንጨት የተሠራ ይመረጣል። ተደራርቦ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ በአብዛኛው እንደ ወጥ እንጨት አይንዘርም። ገንዘቡ የተወሰነ ገዢ ከጌጥ ይልቅ ይህን ቢያስቀድም ይጠቀማል።

ጎንና ጀርባ፦ ሮዝዉድ ወፍራምና የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰጣል። ማሆጋኒ ደረቅ ያለና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ የሚሰማበት ድምፅ አለው፤ በብዙ መሣሪያዎች መካከል ይህ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

የውስጥ ደጋፊዎች፦ ከጣውላው ሥር የተለጠፉት ዘንጎች ተጠርበው ሲሳሱ ጣውላው በነፃነት ይንዘረዘራል። ማርቲን ይህን አሠራር በ1944 አቁሞ በ1976 በኤችዲ-28 ሞዴል መልሶታል።

ክርና መምቻ፦ ብዙዎች «ሚዲየም» የሚባለውን፣ ከ0.013 እስከ 0.056 ኢንች ውፍረት ያለውን ክር ይጠቀማሉ። አምራቹ ለዚህ ክር ያልሠራው ጊታር ግን በውጥረቱ ብዛት ጣውላው ሊጎብጥ ይችላል። ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው በጣም ከቀረቡ ጠንከር ተደርገው ሲመቱ ይንጫጫሉ። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጠንካራ መምቻ ድምፁን ያጎላል፤ ይህን መቀየር አዲስ ጊታር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

አፈታተን

የጊታር ድምፅ በአብዛኛው ወደ ፊት ስለሚሄድ ተጫዋቹ የሚሰማው አድማጩ ከሚሰማው ይለያል። ስለዚህ ገዢው ሌላ ሰው አስመትቶ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር ርቀት ማዳመጥ ይኖርበታል። ከተቻለ ባንጆ አብሮ ሲመታ መሞከር የበለጠ ይጠቅማል።

የስብስቡ ድርሻ

እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ጊታሮች አብረው ሲመቱ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበተኛ ጊታር ብቻውን ችግሩን አይፈታም። በጃም ልማድ ጊታሩ ዜማ የሚጫወትበት ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የባንጆ ተጫዋቹም ምቱን ያለዝባል ወይም ለጊዜው ያቆማል።