6 ሰዓት ቀንሳችሁ ዳታቤዝ ውስጥ አታስገቡ

በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሠራ ዌብሳይት ስትሠሩ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ 6 ሰዓት መቀነስ ነው። ለጊዜው ይሠራል። ብልጡ ደግሞ መቀነሱንም ይተውና የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና ቦነስ አይረስ ላይ ያደርገዋል፤ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ እነሱ 3 ሰዓት ይዘገያሉ፣ ልዩነቱ ልክ 6። ብልጠቱን አደንቃለሁ፤ ኮዱን ግን ሌላ ሰው ይረከበው።

6ቱ ሰዓት የቀጠና ልዩነት አይደለም። አዲስ አበባና ናይሮቢ ቀጠናቸው አንድ ነው። (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የቀጠናዎች መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ የናይሮቢ ተቀጥላ ሆና ነው የገባችው። ትንሽ ቅር ይላል፣ ግን ሥራ አይበድልም።) ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ነው። ያ ዜሮ አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። 9 ብለን የምንጠራው እኛ ነን፤ ስለዚህ ቅነሳው ለሰው ስታሳዩ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

እዚያም ቢሆን ሌሊቱ ያስቸግራል። ሰኞ በፈረንጅ 2 ኤኤም ላይ የሚነሣ በረራ አለ እንበል። 6 ስትቀንሱ እሑድ 8 ሰዓት ይሰጣችኋል። ሰዓቱ ልክ ነው፣ ቀኑስ? ተሳፋሪው «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚል ካነበበ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ሻንጣውን ይዞ የሚመጣበት ዕድል ሰፊ ነው። «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉለት። ስክሪኑ ላይ ቦታ ቢፈጅም ይፍጅ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን እንዳለ የቀን ዓምድ ውስጥ ብትከቱት ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበዋል። ፖስትግሬስ አልቀበልም ይላችኋል፣ ደግ ነው። ጃቫስክሪፕት ግን ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በቁጥር ከሰጣችሁት ምንም ሳይል ማርች 2 ያደርገዋል። ከሁሉም የሚከፋው መስከረም 12 ነው፤ ጃንዋሪ 12 ሆኖ ይገባል፣ ማንም አይነቃም። ጳጉሜን እስኪመጣና 13ኛ ወር እስኪጠየቅ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጡ። ለማሳየት ደግሞ ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ኢንትል «ኢትዮፒክ» ካላችሁት ጳጉሜንን ጨምሮ ቀኑን ራሱ ይቀይረዋል። ሰዓቱን ግን አይነካም፤ እሱ የእናንተ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ተቀምጦ የማይታይ ስሕተትም አለ። ጃቫስክሪፕት «2024-09-11» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ሲሰጠው የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ ነው የሚወስደው። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ አይለወጥም። ዋሽንግተን ላለው ሰው ግን ገና ሴፕቴምበር 10 ምሽት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 የተወለደ ልጁ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ተወለደ ተብሎ ይታየዋል። የልደት ቀን ሰዓትም ቀጠናም የለውም፤ ቀን ሆኖ ይቀመጥ፣ ወደ ዩቲሲ አይቀየር።

«ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ» የሚለው ምክር ላለፈ ነገር ጥሩ ነው፤ ለክፍያ፣ ለመልእክት። ለወደፊት ቀጠሮ ግን አልስማማም። ዋሽንግተን ላይ በየቅዳሜው 1 ፒኤም የሚደረግ የማኅበር ስብሰባ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ እነሱ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 3 ይሆናል። ዩቲሲውን ብቻ ከያዛችሁ ኖቬምበር ላይ የዋሽንግተኖቹ ስብሰባ ሳይነገራቸው ወደ እኩለ ቀን ይመጣል። የአካባቢውን ሰዓት ከቀጠናው ስም ጋር ያዙ፤ ለስሙ ሌላ ዓምድ ክፈቱለት፣ ምክንያቱም ፖስትግሬስ «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» የሚለው ዓይነት ስሙ ብቻ ነው እንጂ ቀጠናውን አያስቀምጥም፤ ወደ ዩቲሲ ቀይሮ ይጥለዋል።

ዛሬ የምትሠሩት ፎርም ካለ፣ የኮምፒውተራችሁን ቀጠና ሎስ አንጀለስ ላይ አድርጉና የልደት ቀን ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት።