ከሶፍ ዑመር እስከ ሳነቲ፦ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር

በባሌ መንገድ በተሳፈርኩ ቁጥር ከሾፌሮች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። «ደጋው ብርድ ነው፤ እዚያ ሞተር አይሞቅም» ይላሉ። ለራዲያተሩ ውኃ ነገሩ የተወሰነ እውነት አለው። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ግን ይበልጡን የሚሞቀው እዚያው ብርዱ ውስጥ፣ ተራራው ላይ ነው። «እንዴት ሆኖ?» የሚል ካለ ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው። የሾፌርና የመካኒክ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በመኪና የሚተዳደር ቤተሰብ ሁሉ ኪስ የሚነካ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እናስታውስ። ሶፍ ዑመር ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ የሠራበት፣ ሼህ ሶፍ ዑመር እንደኖሩበት የሚነገርለት፣ ምዕመናን ለዚያራ የሚሄዱበት ቦታ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም አቧራውም የቆላ ነው። ከዚያ ወደ ሮቤ ስትመለሱ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሰው የሳነቲን አምባ 4,000 ሜትር ላይ ያቋርጣል፤ እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሎ መና ይደርሳል። ከሶፍ ዑመር ደሎ መና ለሚጓዝ መኪና ይህ ማለት ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ውርጭ፣ ከውርጭ ተመልሶ ወደ ቆላ ነው።

ሳነቲ ላይ ከመኪና የወረደ ሰው ሁለት ነገር ይሰማዋል፤ ብርዱና የትንፋሽ ማጠር። ሞተሩም የሚሰማው ይኸው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው ሮቤ ላይ ሰባ አምስት አይሞላም፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ስልሳም አይደርስም። ናፍጣ ለመንደድ አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ ናፍጣው በደንብ አይነድም፤ ሳይነድ የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው መኪና፣ ለምሳሌ «ዋን ኤች ዚ» የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር ሞተር፣ ዳገቱ ላይ አቅሙ የሚከዳው ለዚህ ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው።

ለዚህ የትንፋሽ ችግር የተገኘው መድኃኒት አየሩን ጨምቆ በግድ ማስገባት ነው። መንገዱ ሁለት ነው። ሱፐርቻርጀር የሚባለው በቺንጋ ከሞተሩ ጉልበት እየወሰደ አየር ይጨምቃል። ቱርቦ ደግሞ በማርሚታ ሊወጣ የነበረውን ትኩስ ጭስ ተጠቅሞ ይሽከረከራል። የቱርቦን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡቺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ከፍታን ማሸነፍ እንደሚችል በይፋ ያሳየው ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነው። ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለው ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። ከፍታው 4,302 ሜትር ነው፤ ከእኛው ቱሉ ዲምቱ በጥቂቱ ያንሳል። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ጉልበቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚመጣ ጉልበት የለም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሮቤም ሆነ ጎባ መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱና ኮምፕሬሰሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ እጃችሁን ወደ ራሱ አስጠጉ። ብረቱ ያቃጥላል። እሳት አልነደደበትም፤ ያሞቀው ጭመቃው ነው። በደቂቃ ከ100 ሺሕ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ትንሹ የቱርቦ ኮምፕሬሰርም እንዲሁ ነው፤ አየሩን አጥብቆ በጨመቀው ቁጥር ያንኑ ያህል ያሞቀዋል።

አሁን ወደ ባሌ እንመለስና እንደው በግምት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቱርቦው የሚሰጠው ግፊት የባሕር ወለሉን ሁለት እጥፍ ይሁን፤ የኮምፕሬሰሩ ብቃት ደግሞ 70 በመቶ ነው እንበል። ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ከቱርቦው ሲወጣ 110 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሮቤ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያው ግፊት ላይ ለመድረስ ቱርቦው 2.7 ጊዜ መጨመቅ አለበት፤ ያው 20 ዲግሪ የነበረው አየር አሁን ከ150 በላይ ሆኖ ይወጣል። ሳነቲ ላይ የውጭው አየር 10 ዲግሪ ብቻ ነው ብንል እንኳ ከሦስት ጊዜ በላይ መጨመቅ ስላለበት ከ170 ዲግሪ ያልፋል። አያችሁ? በ10 ዲግሪ ቀዝቅዞ የገባው ከሁሉም በልጦ ሞቆ ወጣ። የብዙ መኪና ቱርቦ እዚህ ድረስ ለመሄድ አቅም የለውም፤ ዘመናዊዎቹ ኮምፒውተራቸው ቀድሞ ግፊቱን ይቀንስባቸዋል። «ሳነቲ ላይ መኪናዬ ሰነፈብኝ» የሚባለው አንዳንዴ ይኼው ነው፤ ኮምፒውተሩ ቱርቦውን ከመሰበር እያዳነው ነው።

የሞቀ አየር ጉዳቱ ምንድን ነው? አየር ሲሞቅ ይሰፋል። ያንኑ ቦታ ይዞ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። አየሩን እንዲበዛ ብለን ጨምቀን፣ ሙቀቱ ግማሽ ትርፋችንን መልሶ ይወስድብናል። ከዚያም አልፎ የገባው ሙቀት በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው እሳት ጋር ተደምሮ ፒስተኑን፣ ቴስታታውንና ራሱን ቱርቦውን ይጠብሳል።

ለዚህ ነው ኢንተርኩለር የሚባለው ዕቃ የተሠራው። በቀላሉ የአየር ራዲያተር በሉት። ከቱርቦው የወጣው ትኩስ አየር በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ የውጭው ነፋስ በክንፎቹ መሀል እያለፈ ያበርደዋል። ከላይ ያየነውን የሮቤ አየር፣ የተጨመረበትን ሙቀት 70 በመቶ የሚያነሳ ኢንተርኩለር ከ150 በላይ ከነበረው ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። በዚህ ብቻ ሞተሩ ከሩብ በላይ ተጨማሪ አየር ያገኛል። አንድም የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ ናፍጣ የማይጠጣ ዕቃ ይህን ያህል ይሠራል። ግን እዚህም ላይ ከፍታ ጣልቃ ይገባል፤ የሚያበርደው የውጭ ነፋስ ራሱ ስስ ነውና ቆላ ላይ የሚያነሳውን ያህል ሙቀት አያነሳም። መኪናው ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ደግሞ ነፋሱ ይብሱን ይቀንሳል።

እንግዲህ የባሌ መንገድ ይህን ዕቃ እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት። ከጎሮ ወደ ሶፍ ዑመር አቧራው ይሞላዋል፤ ክረምት የስንዴ ማሳ መሀል የሚያልፈው ጥርጊያ ጭቃውን ይለጥፍበታል። ደጋ ሲወጣ የጠዋቱን ብርድ ለመከላከል ከፊት ካርቶን ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የሚያስሩ አሉ። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳል፤ እውነት ነው። ከሞቀ በኋላ ሳይፈታ ዳገቱ ከተጀመረ ግን ኢንተርኩለሩን አፍኖ መያዝ ነው። ከረጢቱ የጠዋት ጋቢ ነው፤ ጋቢ ለብሶ ደግሞ ማንም እህል ተሸክሞ ዳገት አይወጣም።

ሌላው ነገር ማኒኮቶው ነው። ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች በሙቀትና በንዝረት ይሰነጠቃሉ፤ ፋሼታቸው ይላላል። ተሳፋሪ ሆኜ እንኳ የማውቀው ምልክት አለ፤ ሾፌሩ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ከኮፈኖው ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይከተላል። የተጨመቀው አየር ሞተሩ ሳይደርስ እየፈሰሰ ነው። ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት ይበልጥ ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር አየሩን ይበልጥ ያሞቃል። የአንዲት ፋሼታ መላላት የቱርቦ ዋጋ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «ጉልበት አነሰኝ» ያለ ሾፌር አንዳንዴ የሚሰጠው መልስ ነው። ፖምፓው ይከፈትና ናፍጣው ይጨመራል። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ መጨመር፣ የታፈነ ምድጃ ላይ እንጨት እንደመከመር ነው። ጭሱ ይበዛል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ለጥቂት ጊዜ መኪናው የበረታ ይመስላል። ከዚያ ቴስታታ ይወርዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውድ ነገር አይደለም። ኢንተርኩለሩን ከአቧራ መንገድ በኋላ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ውኃ ማጠብ፤ በኃይለኛ ውኃ የተመታ እንደሆነ ክንፎቹ ይተኛሉና ነፋሱን ይዘጋሉ። የአየር ፊልትሮውን መንገዱ እንደሚጠይቀው ቶሎ ቶሎ ማየት፤ የታፈነ ፊልትሮ ሮቤ ላይ ያለውን መኪና ሳነቲ ላይ እንዳለ ያደርገዋል። ማኒኮቶዎቹን በእጅ መዳሰስ፤ መጋጠሚያው ላይ የዘይት እርጥበት ካለ አየር እያመለጠ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ በትንሽ ግፊት አየር ነፍቶ በሳሙና አረፋ ቢፈትሸው ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። ረጅም ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያስጨነቁ ከመሄድ አንድ ማርሽ አውርዶ ሞተሩን ማቅለል፤ ቀስ ብሎ የሚዞር የተጨነቀ ሞተር አየሩ ትንሽ፣ እሳቱ ብዙ ነው። አናቱ ላይ ደርሶ ለፎቶ የሚቆም ሰው ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አያጥፋ፤ ዘይቱ የቱርቦውን ሙቀት ይዞ እንዲመለስ አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶ ይሥራ።

ኮፈኖው ላይ አፍ ያላቸውን ላንድ ክሩዘሮች የምትነዱም አንድ ነገር እወቁ። ኢንተርኩለሩ ያለው ሞተሩ አናት ላይ ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ያገኛል፤ ቆሞ ሲቆይ ወይም ሲያዘግም ግን ከሥሩ ያለው ሞተር ያሞቀዋል። ባለ ስኖርክሉ መኪና ደግሞ ቱቦውን ለውኃ መሻገሪያ ብቻ አይመልከተው፤ አየሩን የሚስበው ከጣራው አጠገብ፣ ከኮፈኖው ሥር ካለው ወላፈንና ከጎማ አቧራ ርቆ ነው።

በውጭ አገር የምትኖሩና ሱፐርቻርጀር ያለው የቤንዚን መኪና የያዛችሁ ወገኖቼም ከዚህ ወግ ውጭ አይደላችሁም። ቤንዚን ላይ የሞቀ አየር ይብሳል፤ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ እየተቀጣጠለ ሞተሩን ይደበድበዋል። ኮምፒውተሩ ያንን ለመከላከል እሳቱን ያዘገይና ጉልበቱን ይቆርጣል። ብዙዎቹ በውኃ የሚያበርድ ኢንተርኩለር አላቸው፤ ውኃው አንዴ ከሞቀ ግን እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች ለዚሁ ሲሉ ውኃና ሜታኖል ቀላቅለው ይረጩ ነበር። ሁሉም የሚታገለው ከዚያው ከጭመቃ ሙቀት ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ሳነቲ ላይ ትንፋሽ አያጥረውም፤ ወደፊት ይህ ወግ ራሱ ታሪክ ይሆን ይሆናል። እስከዚያ ግን የሲናናን ስንዴ የሚያወጣው፣ በሽተኛውን ከገጠር ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ለሶፍ ዑመር ዚያራ ምዕመኑን የሚያመላልሰው እጃችን ላይ ያለው የናፍጣ መኪና ነው። አንድ ሞተር ሲወርድ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሾፌሩም፣ የረዳቱም፣ እህል የጫነው ገበሬም ሳምንታት አብረው ይወርዳሉ።

ስለዚህ «ደጋው ብርድ ነው» ብሎ ለሚያጽናናችሁ ሾፌር አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ኢንተርኩለሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበው መቼ ነው? ከጎባ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ከረጢቱን ፈትቶ፣ ፋሼታውን አጥብቆ የሚነሳ ሰው ከሆነ ያለ ሐሳብ ተሳፈሩ።