አሮጌ የቁጥቋጦ መቁረጫ ለመካነ ሰላም ደጋ፤ ከመግዛት በፊት ምን ይታይ? ከተገዛ በኋላስ እንዴት ይታደስ?

ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የለጋምቦና የሳይንት ደጋዎች መሬቱ የሚታረሰው በአብዛኛው በበሬ፣ ሣሩ የሚታጨደው በማጭድ፣ ቀጋውና አጋሙ የሚመነጠረው ደግሞ በገጀራና በመጥረቢያ ነው። ይህም ሆኖ አነስተኛ ትራክተር በማኅበር ገዝቶ በጋራ የመጠቀም ሐሳብ የማይነሣበት የደጋ አካባቢ ጥቂት ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ከውጭ የሚገቡ የእርሻ መሣሪያዎችን ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ማድረጉ ሐሳቡን ይበልጥ አቅርቦታል። ይሁን እንጂ ትራክተር ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ ከኋላው የሚታሰር መሣሪያ ያስፈልገዋል። የአዲሱ መሣሪያ ዋጋ የማኅበሩን ካዝና ሲያራቁት ዓይን ወደ አሮጌው ይዞራል።

በጨረታና በግል ሽያጭ ከሚቀርቡት አሮጌ መሣሪያዎች አንዱ የቁጥቋጦ መቁረጫ ነው። ይህ መሣሪያ በትራክተሩ ሦስት ክንዶች ላይ የሚታሰር ወፍራም የላሜራ ጣራ ሲሆን፣ ከጣራው በላይ ካምቢዮ፣ ከጣራው ሥር ደግሞ ሁለት ከባድ ስለቶች አሉት። ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ ኋላ ከሚወጣውና በደቂቃ 540 ጊዜ ከሚዞረው ዘንግ ነው። በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፣ በሴልማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ቡሽ ሆግ የተባለው ድርጅት ስሙ የመሣሪያው የወል መጠሪያ እስኪሆን ድረስ በብዛት አሠራጭቶታል።

ማንኛውም የማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ብር ከመቁጠሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ መሣሪያው የሚፈለገው ለምን ሥራ እንደሆነ ነው። ሻጩ «ሣር ያጭዳል» ሊል ይችላል፤ ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የቁጥቋጦ መቁረጫ ሣሩን አጭዶ በወጉ አያስተኛም፤ ይቀጠቅጠዋል፣ ይከታትፈዋል፣ በመሬቱም ላይ ይበትነዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱ ያለቀበት የወሎ ገበሬ አንዲት ነዶ ድርቆሽ ወይም አንድ እቅፍ የስንዴ ገለባ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም። ስለዚህ ሐሳቡ በጥቅምትና በኅዳር የግጦሹን ሣር አጭዶ ለበጋ ድርቆሽ ማከማቸት ከሆነ፣ የሚፈለገው እንደ መቀስ እየተላለፈ የሚቆርጥ ባለ ጥርስ ማጨጃ እንጂ ይህ መሣሪያ አይደለም። የቁጥቋጦ መቁረጫው ቦታ ቀጋና እሾህ የወረሰውን የጋራ ግጦሽ ማጽዳት፣ ከብት የማይበላውን አረም ዘር ሳይጥል መምታት፣ የመንገድ ዳርና የትምህርት ቤት ግቢ መመንጠር ነው። እሱም ቢሆን ሜዳ በሆነና ድንጋይ በተለቀመለት መሬት ላይ ብቻ ነው። እንደ ደንቆሮ ደን ያለው ጥብቅ ስፍራ ለዚህ ሥራ የተከለከለ መሆኑ ሳይታለም የተፈታ ነው።

ሥራው ካለ ቀጥሎ የሚታየው የትራክተሩ ጉልበት ነው። እዚህ ላይ የደጋው አየር የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በመካነ ሰላም ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ያጣል። በወረቀት 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ከኋላ ዘንጉ የሚሰጠው ቆላ ላይ 20 ያህል ቢሆን፣ ደጋ ላይ ወደ 15 ወይም 16 ይወርዳል። በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የመቁረጫ ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በመሆኑም ለእንዲህ ያለው ትራክተር 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ ራሱ በቀስታ ማርሽና በሳሳ ቁጥቋጦ ላይ ብቻ ነው የሚሄድለት። የ1.5 ሜትሩ በቅናሽ ዋጋ ቢገኝ እንኳ ትርፉ ሞተር ማስጨነቅና ነዳጅ ማባከን ነው።

ኮሚቴው ለምርመራ ሲሄድ አንድ መካኒክ ይዞ መሄዱ የውሎ አበሉን አሥር እጥፍ ያተርፋል። ቀለም አያታልል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ መሣሪያ እንዲያውም ይበልጥ ሊጠረጠር ይገባዋል። ከሁሉ ውድ የሆነው ክፍል ካምቢዮው ስለሆነ ምርመራው ከእሱ ይጀምራል። የዘይቱ ቡሽ ተፈትቶ ሽቦ ወይም ንጹሕ እንጨት ይነከርበታል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ጥርሶቹ እየተበሉ ናቸው፤ ጨርሶ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የሚናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ መስማት ያሻል። ቀጥሎ መሣሪያው ከፍ ተደርጎ በግንድ ላይ በደንብ ከተደገፈ በኋላ የስለቱ መያዣ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ከታች በኩል ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀላል ነገር ነው፤ የማዳበሪያ ጆንያ ክር ወይም ሽቦ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ፓራኦሊ በልቶታል። ይህ በጥቂት ብር የሚታደስ ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆናል እንጂ ግዢውን አያስተውም።

ስለቶቹ በመያዣቸው ላይ እንደ ልብ መወዛወዝ አለባቸው፤ ድንጋይ ሲመታቸው ወደ ኋላ የሚሸሹት በዚህ ነው። የቡሎናቸው ቀዳዳ ተበልቶ እንደ እንቁላል ከሞለለ ግን አደጋ ነው። ጣራው ቢሰነጠቅ በብየዳ ይጠገናል፤ ዝገት ላሜራውን እንደ ወንፊት ካደረገው ግን የሚበየድበት ጤነኛ ብረት አይገኝም። የሚቻል ከሆነ መሣሪያው በሻጩ ትራክተር ላይ ታስሮ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሠራ ይጠየቅ፤ ከቆመ በኋላም ካምቢዮው እጅ የማያስነካ ትኩሳት ካለው ይተው። በጨረታ ሲሆን ይህ ዕድል ስለማይገኝ የካምቢዮ ማደሻ ወጪ አስቀድሞ ታስቦ ከሚቀርበው ዋጋ ላይ ይቀነስ።

ዕድሳቱ አብዛኛው ተራ ጋራዥ የሚችለው ነው፦ ፓራኦሊና ኩሽኔታ መቀየር፣ የካምቢዮ ዘይት በቁጥር 90 መተካት፣ የትራስሚሲዮኑን ክሮቸራ ለውጦ ግሪስ ማጠጣት። ሁለት ነገሮች ግን ለቁጠባ ሲባል መደረግ የለባቸውም። አንደኛው ከመኪና ባሌስትራ ስለት ማስቀጥቀጥ ነው። አንጥረኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ክብደታቸው ያልተስተካከለ ሁለት ስለቶች ካምቢዮውን አንቀጥቅጠው ይጨርሱታል፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ብረት ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፤ ስብርባሪውም እንደ ጥይት ይወጣል። ስለት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ ሲሳሉም እኩል ይሳላሉ። የስለቱ ጫፍ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥ እንደ ምላጭ መሳል አያስፈልገውም፤ የሚቆርጠው በፍጥነቱ ነው። ሁለተኛው የትራስሚሲዮኑ መከላከያ ቡሎን ጉዳይ ነው። ይህ ቡሎን ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገው ስለቱ ጉቶ ሲመታ እሱ ተቆርጦ ካምቢዮውን እንዲያድን ነው። «ቶሎ ቶሎ ይሰበራል» ተብሎ በጠንካራ ቡሎን ከተተካ ቀጥሎ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው። አራት አምስት ትርፍ ቡሎን በሹፌሩ ሣጥን ውስጥ ማኖር ይበቃል።

የትራስሚሲዮኑ ርዝመትም ከትራክተሩ ጋር መለካት አለበት። ከረዘመ መሣሪያው ሲነሣ ካምቢዮውን ይወጋል፤ ካጠረ በሥራ ላይ ይለያያል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ጠፍቶ የተገዛ እንደሆነ ሽፋን ሳይገኝ ሥራ መጀመር የለበትም። በዚህ ደጋ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። ዘንጉ በሴኮንድ 9 ጊዜ ስለሚዞር የጋቢ ጫፍ ከያዘ በአንዲት ሴኮንድ ሁለት ሜትር ያህል ይጠቀልላል፤ ሰውየው የሚጮህበት ጊዜ እንኳ የለውም። ሹፌሩም ረዳቱም ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ይሥሩ። እረኞችና ልጆች ማሽን ለማየት መሰብሰባቸው አይቀርምና አንድ ሰው እነሱን 100 ሜትር ያህል አርቆ እንዲጠብቅ ይመደብ፤ ከጣራው ሥር የሚወጣ ድንጋይ እዚያ ድረስ ይደርሳል። በአራት ሜትር አግድመት አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለገጀራ ይተው።

በመጨረሻ ወረቀቱ ይታይ። መሣሪያው ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሲተላለፍ ቀረጡ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ኮሚቴው የጉምሩክ ሰነዱን ሳያይ ቀብድ አይክፈል። የሽያጭ ውሉ በማኅበሩ ስም ይጻፍ፤ የካምቢዮው ቁጥር፣ አብሮ የተሰጠው ትራስሚሲዮንና የስለቶቹ ብዛት በውሉ ውስጥ ይመዝገቡ።