ጾሙ የኛ ነው፤ ወተቱ የሕፃኑ ነው



የምጽፈው ከምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከመካነ ሰላም ነው። የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ትንሹ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ነገሬም ስለነዚህ ልጆችና ስለ ገና ጾም ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚውል ጾሙ 44 ቀን ይሆናል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚከበር 43 ቀን ነው። በዚህ ወራት ደጋችን ብርቱ ብርድ ነው። ከደንቆሮ ጫካ ወገን የሚወርደው ነፋስ ሌሊቱን በር ሲያንኳኳ ያድራል፤ ጧት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል፤ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪሄዱ ድረስ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ላይ ነው። በከተማ ያለነው ደመወዝተኞች ደግሞ ከወር ደመወዛችን ላይ የበጉን፣ የዶሮውን፣ የልጆቹን ልብስ ዋጋ እየቀነስን እናሰላለን።

በየቤቱም የልጆች ጫጫታ ሌላ ነው። ወንዶቹ ለገና ዱላ የሚሆን ቆልማማ እንጨት ፍለጋ አጥር ለአጥር ይዞራሉ፤ ሴቶቹ የሚገዛላቸውን ቀሚስ ቀለም ሲመርጡና ሲለውጡ ይሰነብታሉ። የኔዋ ትልቋ ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት መጾም ጀምራለች። የአምስት ዓመቱ ልጅ ከእኅቱ ላለማነስ ብሎ እሱም እንደሚጾም አስታወቀ፤ ሆኖም ጧት አንድ ሰዓት ላይ ቁርሱ ሲቀርብ «ጾሜን ፈታሁ» ብሎ በክብር ይቀመጣል። ማታ ማታ ሁለቱም «ስንት ቀን ቀረው?» እያሉ እናታቸውን ያስቆጥራሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የቤት ጌጥ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል «ስንት ቀን ቀረው?» ብሎ መጠየቅ የማይችል አንድ ሰው በየቤቱ አለ። እሱም ገና ወጉ ያልፈታ፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ነው። ጾሙ ሲገባ ወተትና ዕንቁላል ከቤት ይወጣሉ፤ እነሱ ሲወጡ የሕፃኑም ድርሻ አብሮ ይወጣል። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ ማንም ግን አላሰበበትም።

ዐምና በታኅሣሥ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት የሆነውን ላውጋችሁ፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አላነሣም። ይህ ሰው ደመወዙ ከኔ ይሻላል፤ በግቢውም አንዲት የምትታለብ ላም አለችው። የጤና ሠራተኞች ሕፃናትን ሊለኩ በመጡ ጊዜ ሚስቱ የ16 ወር ልጃቸውን ይዛ ሄደች። የሕፃን ክንድ የሚለካበት ጥብጣብ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው፤ የክንዱ ዙሪያ ከ12 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ሲያንስ ቢጫው፣ ከ11 ነጥብ 5 ሲያንስ ቀዩ ይታያል። የዚያ ልጅ ክንድ ቢጫ ላይ ዋለ። እናትየዋ በድንጋጤ «እኛ ቤት እኮ ረኃብ የለም!» አለች። እውነቷን ነው፤ በቤቱ ሽሮ አለ፤ ምስር አለ፤ እንጀራ አለ። ላሚቱም ጧትና ማታ ትታለባለች። ግን ወተቱ ይናጥ ነበር፤ ቅቤውም ለገና ዶሮ ወጥ ይጠራቀም ነበር። እንግዲህ ላም ባለበት ቤት፣ ወተቱ በልጁ ፊት እያለፈ፣ ልጁ መነመነ ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ጥፋቱ የጾሙ ነው» ሊል ይችል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልልም፤ ጿሚም ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጹም አትልም። ጾም የፈቃድ መሥዋዕት ነው፤ የሚተወውን ነገር የሚያውቅ ሰው ትቶት ይጾማል፤ ሕፃን ግን የሚተወውን አያውቅምና አልጾመም፤ ተከለከለ እንጂ። በክልላችን ካህናት ራሳቸው ይህንኑ በስብከታቸው መካከል ያስተማሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወተቱን ከሕፃኑ የሚያርቀው ሥርዓቱ ሳይሆን የጓዳችን ልማድ ነው።

የጓዳው ልማድ ምንድር ነው ቢሉ፣ ዋናው የዕቃ ነገር ነው። ጾም ሲገባ ድስቱ፣ ጭልፋውና ሳሕኑ ሁሉ ከፍስክ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በዚያው ድስት ወተት ቢፈላ ወይም ዕንቁላል ቢቀቀል ጾሙ የተነካ ይመስላል። እናት ደግሞ ጓዳዋ አንድ ነው፤ ምድጃዋም አንድ ነው። ዕቃውን ከማርከስ ለሕፃኑም የኛኑ ሽሮ ማቅመስ ይቀላታል። ይህ በኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች እናቶችን የጠየቁ ተመራማሪዎች ያገኙት መልስ ይኸው የዕቃ ፍራቻ ነው።

በኛም ቤት ክርክሩ ተነሥቶ ነበር። የባለቤቴ እናት ከወደ ሳይንት መጥተው ጾሙን ከኛ ጋር ይዘው ነበር፤ ወተት ሲፈላ አዩና «ልጄ፣ በኅዳር ወተት የሸተተበት ቤት ጾም አለበት ይባላል?» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ጾሙ የአንቱና የኛ ነው፤ የዚህ ልጅ አይደለም» አልኋቸው። አልረኩም። በማግሥቱ የነፍስ አባታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሲመለሱ አንድም ነገር አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው፣ ኩባያውን አንሥተው በገዛ እጃቸው ያጠጡት ጀመር። ባለቤቴ ምን እንደተባሉ ብትጠይቃቸው «ዕዳ የሌለበትን ዕዳ ክፈል አትበሉት ብለውኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ክርክር የለም።

የዕቃውን ነገር ደግሞ በቀላሉ አቃለልነው። ባለቤቴ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ለብቻ ለየች፤ በድስቷ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሠረችበት፤ መታጠቢያዋንም ጨርቋንም ለየች፤ በካርቶን አድርጋ ከጓዳው ዕቃ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። የዚህች ዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ትልቋ ልጄ ናት። ሹመቷንም አክብራ ስለያዘች የአምስት ዓመቱ ወንድሟ እንኳ በዚያ ኩባያ ውኃ ልጠጣ ቢል አትፈቅድለትም። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሣ ይፈላል፤ ዕንቁላሉም አስኳሉ እስኪጠና ይቀቀላል፤ ያልፈላ ወተት በሽታ ያመጣልና። የተቀቀለው ዕንቁላል በድንች ወይም በገብስ ገንፎ ይደቆስለታል። የእናቱም ጡት እስከ ሁለት ዓመቱ አይቋረጥም።

በመካነ ሰላም ወተት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከመቶው ከ70 የሚበልጠው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ በኛ ጾም ጊዜ ላሟ የምትታለብበትና ወተቱ የሚጠጣበት ቤት ከአጥር ማዶ አለ። የኛ ልጅ ወተት ከጎረቤታችን ከአንዲት ሙስሊም እናት ቤት ይመጣል። ባለቤቴ ውለታ በዛብኝ ብትላቸው «በረመዳን ቀን ልጆቼን ምሳ የምታበዪልኝ አንቺ አይደለሽም ወይ?» ብለው አሳፈሯት። እነሱም ሲጾሙ ሕፃኖቻቸውን አያስጾሙም። የወሎ ሰው አኗኗር እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲጾም የሌላው ጓዳ የሕፃናት ጓዳ ይሆናል።

ነገሩ የአንድ መንደር ወሬ እንዳይመስል ቁጥር ልጥቀስ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአገሪቱ በጠቅላላው 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልሉ ወደ 41፣ የአገሪቱ ወደ 37 ዝቅ ብሏል። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን አማካይነት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ገብቷል። በርግጥ ለመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፤ ንጹሕ ውኃ ማጣት አለ፤ ተቅማጥ አለ፤ የእናት የሥራ ብዛት አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ አባት ብቻውን ሊያነሣቸው አይችልም። የወተቱን ኩባያ ማንሣት ግን ይችላል።

የኩባያውም ነገር ትንሽ አይምሰላችሁ። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው የእናት ጡት ብቻውን አይበቃውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ሥጋ ወይም ዓሣ ወይም ዕንቁላል የመሰለ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲመገብ አሳስቧል። የሕፃን ሆድ ጠባብ ነው፤ ሽሮና ምስር ለኛ መልካም ምግብ ቢሆኑም እሱን የሚያሳድገውን ያህል በዚያች ጠባብ ሆድ ውስጥ አይገቡለትም። ለደምና ለአእምሮ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእህልና ከአትክልት አይገኝም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናስላ፤ የቢሮ ሰዎች ነንና ሒሳብ አይከብደንም። ለምእመናን የታዘዙት የጾም ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው፤ ይህም የዓመቱ ግማሽ ነው። ሕፃኑ ምግብ ከሚጀምርበት ከስድስት ወሩ እስከ ሁለት ዓመቱ ያለው ጊዜ 18 ወር ነው። በየጾሙ ሁሉ ከጥሉላት ቢከለከል፣ ከ18ቱ ወር ዘጠኙ ወር ያህል አለፈው ማለት ነው። ሰውነቱ በሚሠራበት ዕድሜ ግማሹን አጣ። በዚያ ዕድሜ የጐደለ ቁመት በኋላ በገና በግ አይተካም።

ወጪውንም እንይ። ለአንድ ሕፃን በቀን ሩብ ሊትር ወተት ቢመደብለት፣ በ44ቱ ቀን የሚፈጀው 11 ሊትር ብቻ ነው። በቀን አንድ ዕንቁላል ቢጨመርለት 44 ዕንቁላል ነው። ጾም ሲገባ የዕንቁላልና የወተት ገዥ ስለሚቀንስ ዋጋውም ያን ጊዜ ረገብ ይላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ቀን ከምናርደው በግ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። በጉ አይታረድ አላልሁም፤ ልጆችም አዲስ ልብስ አይልበሱ አላልሁም። የምለው፣ የገናን ወጪ በወረቀት ስናሰፍር ከበጉ በፊት የሕፃኑ ወተት ተራ ቁጥር አንድ ላይ ይጻፍ ነው።

ስለዚህ ለአንባብያን ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በቤቱ ሕፃን ያለው ሰው ከኅዳር 15 ቀን በፊት ድስት፣ ኩባያና ማንኪያ ለብቻ ይለይ። ሁለተኛ፣ ካህናት አባቶቻችን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሕፃናት ሁለት ቃል ቢናገሩ፣ የእናቶችን ፍራቻ ከማንም ቃል ይልቅ የነሱ ቃል ያነሣዋልና እንለምናቸዋለን። የምታጠባ እናትም ስለ ራሷ ጾም የነፍስ አባቷን ሳታፍር ትጠይቅ። ሦስተኛ፣ የጤና ሠራተኞች ጾሙ ሲገባና ሲወጣ ሕፃናትን ቢለኩ ጉዳቱ ሳይበረታ ይታወቃል። አራተኛውና የመጨረሻው ለአባቶች ነው። ሕፃን ማስለካትን ለእናቲቱ ብቻ አንተውላት፤ ለክብደት ሚዛኑ ጧት አንድ ሰዓት ከቢሮ ፈቃድ መጠየቅ ለአባት ነውር አይደለም።

በሌላ አገር የምትኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችም በቤታችሁ የዕቃውን ነገር እንዴት እንዳቃለላችሁት በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን ሌላውም ይማርበታል። ለጾመኞች ሁሉ መልካም ጾም፣ ለሕፃናትም ጤና ይስጥልን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመካነ ሰላም፣ ቦረና